አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ

«ሰርዢው! እንደገና እንጀምር» አሉ አባቷ። ልጅቱ ገና ቀለሙ ያልደረቀውን ገጽ በረጅሙ ሰረዘችው።

አባቷ ጡረታ የወጡ የግብርና መምህር ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የቀይ ስርን ታሪክ እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። በስድስት ወር ያልቃል የተባለው መጽሐፍ ይኸው ስድስት ዓመት ሞላው። ሰፈርተኛው «ፕሮፌሰር ቀይ ስር» ሲላቸው ደስ ይላቸዋል። እሷን «ጸሐፊዋ» ሲሏት ግን ደሟ ይፈላል፤ እሷ እኮ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነች። ዛሬ ጠዋት ሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል ደውሎላት ነበር። ያመለከተችበትን ሥራ አግኝታለች። «እስካሁን ምነው ዝም አልሽን?» ሲሏት ግን ነገሩ አልገባትም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መልስ ካልሰጠች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። አሁን አሥር ሰዓት አልፏል።

«ጻፊ። የጥንት ሰዎች ቅጠሉን እንጂ ሥሩን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።»

«ምዕራፍ ሁለት ላይ ብለነዋል፣ አባባ።»

«እንግዲያው ቀለሙን። ሴቶች ጉንጫቸውን ይቀቡት ነበር። ጨርቅ ላይ ግን አይበረክትም፣ ሲታጠብ ይለቃል።»

«ምዕራፍ ሰባት።»

«ጦርነት ባሕሩን ዘግቶ የሸንኮራ ስኳር ሲጠፋስ፣ ከቀይ ስር ነጩ ዘመድ ስኳር...»

«ዘጠኝ ላይ አለ። በቃሌ ልበልልዎት?»

«ደም ይተካል በይ።»

«ይሄንንማ የደም መርማሪ ሆኜ አልጽፍም!»

ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። የደብተሩን ገጾች ወደ ኋላ ገለጠች፤ የመጨረሻው ምዕራፍ አራት ጊዜ ተጽፎ አራት ጊዜ ተሰርዟል። የሚረሱ መስሏት ስታዝንላቸው ከርማ ነበር።

«እንዳያልቅ ነው የሚያሰርዙኝ፣ አይደል?»

አባቷ ከፊታቸው ካለው ሳህን አንድ የተቀቀለ ቀይ ስር አንስተው ልጣጩን በጣታቸው ይገፉ ጀመር።

«ካለቀማ ትሄጃለሽ» አሉ ቀስ ብለው። «ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታሉ በቤቱ ስልክ ደውለውልሽ ነበር። አልነገርኩሽም።»

ተናደደች። ወዲያው ደግሞ አሳዘኗት። ጮሃባቸው ብትወጣ እንዴት በቀለላት!

ብዕሩን አንስታ ከተሰረዘው ገጽ ሥር «ተፈጸመ» ብላ ጻፈች፤ የጻፈችውንም ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

አባቷ ጠረጴዛውን እየዳበሱ ቀኝ እጇን አገኙትና በቀላ እጃቸው ጥብቅ አድርገው ያዙት። አላስለቀቀቻቸውም። በግራ እጇ ስልኳን ወደ ራሷ ሳበችና የሆስፒታሉን ቁጥር ደወለች።