የሴያባታ ሁለተኛ ሞተር

ራማይሊ ሦስተኛውን ብስኩት ሻይ ውስጥ እየነከረ ሳለ፣ ቴሴሌ የሚባለው ሰውዬ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ተለውሶ ወደ ለቅሶው ድንኳን ገባ። ብስኩቱ ተቆርሶ ሰመጠ። ራማይሊ አላየውም፤ ዓይኑ የእንግዳው ቦት ጫማ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። እነሱ የሚኖሩባት የፉታዲጃባ ከተማ ጭቃ ጥቁር ነው። የዚህ ሰው ግን እንደ ደም የቀላ፣ ከተራራው ጀርባ ካልሆነ የትም የማይገኝ ጭቃ ነው። ሟቹ ሴያባታ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ በመጣ ቁጥር፣ በሞተሩ ጎማ ይዞት የሚመለሰው ይህንኑ ነበር።

ባሏን የቀማቻትን ሴት ለቅሶ ላይ ያየች ሚስት እንኳ ራማይሊ በዚያች ሰዓት የተንገበገበውን ያህል አትንገበገብም።

የባሰው ደግሞ ቀጠለ። የሟቹ አጎት፣ በአገሩ ወግ ንታቴ፣ «አባቴ»፣ የሚባሉት ሽማግሌው ሞሃፒ፣ ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ተነሡና የእንግዳውን ክንድ ይዘው በቀጥታ ወደ ቤት፣ ሚስቲቱ ሞቴና ፍራሽ ላይ ወደተቀመጠችበት ክፍል አስገቡት። ራማይሊ ከሰኞ ጀምሮ ወንበር ሲሸከም የከረመ ሰው ነው፤ ቢያንስ አራት መቶ ወንበር ተሸክሟል። ስልሳ ነው የሚሉ አሉ፤ እነሱ ግን አንድም አልተሸከሙም። ለዚህ ሁሉ ድካሙ ወደዚያ ክፍል የገባው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአምስት ደቂቃ ነው። ጭቃ የለበሰው ሰውዬ ግማሽ ሰዓት ቆየ። ራማይሊ ሰዓቱን እያየ ጠበቀው።

ድንኳኑ ውስጥ የሚንሾካሾከው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው፤ የት ወደቀ? ሴያባታ ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ነድቷል፤ ጨረቃ አድርሶ የሚመልስ መንገድ ነው። የሞቱን ወሬ የሰማ ሁሉ ገደል፣ ጎርፍ፣ መንገድ የዘጋ የከብት መንጋ እያሰበ ነበር የሚመጣው። ሞቴና ግን ለሁሉም አንድ መልስ ነው የምትሰጠው፤ መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን ሲላጭ ልቡ ቀጥ አለ። ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ በአረፋ እንደተሸፈነ። አንዳንዱ ለቀስተኛ ይህን ሲሰማ የተታለለ ያህል ቅር ብሎት ይወጣ ነበር።

ራማይሊና ሴያባታ የመጀመሪያ ሞተሮቻቸውን የገዙት በአንድ ወር ነው። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ዝቅ ያሉ፣ ሁለቱም አስፋልት ላይ እንደ አንበሳ የሚያጉረመርሙ። ራማይሊ ሥጋ ቤት አለው፣ ሴያባታ ሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ቅዳሜ ሲመጣ ግን እንደ ጥማድ በሬ ጎን ለጎን ናቸው። አንድ ቀን ዓሣ አማራቸውና ደርባን ባሕሩ ድረስ ወርደው፣ ገዝተው፣ ሳይበርድ ቤት አድርሰውታል ይባላል። ሞቴና አሙቀን ነው የበላነው ትላለች፤ ይህ ግን ለታሪኩ ምን ይጨምርለታል።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው እንግዲህ፣ ሴያባታ ሥጋ ቤቱ ድረስ መጥቶ ሁለተኛ ሞተር ልገዛ ነው ያለው። ቁመቷ የረዘመ፣ ጎማዋ ጥርስ ያለው፣ ጠጠርና ወንዝ የማትፈራ።

«የመጀመሪያዋ ምን በደለችህ?» አለ ራማይሊ።

«ምንም። ይህን ተራራ ከተወለድኩ ጀምሮ በፊቱ ብቻ ነው የማውቀው። ጀርባውን ማየት አለብኝ።»

«ጀርባውም ተራራ ነው።»

«እሱን አይቼ እነግርሃለሁ። ቅዳሜ አብረን ብሉምፎንቴይን እንሂድ፤ አንተም አንዷን ትመርጣለህ።»

ራማይሊ እሺ አለ። በማግስቱ ግን ሥጋ ቤቱን ዘግቶ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ብቻውን ብሉምፎንቴይን፣ ሞተር መሸጫው ድረስ ወረደ። ሐሳቡ ጓደኛውን መቅደም ነበር፤ ሴያባታ አንዷን ሲመርጥ እሱ ሌላዋ ላይ ተቀምጦ ሊጠብቀው። ከረጃጅሞቹ አንዷ ላይ ወጣ። ራማይሊ በደረቱ ስፋት ሁለት ሰው ያህላል፤ እግዜር ግን ጭቃውን ሁሉ ደረቱ ላይ ጨርሶ ለእግሩ ሳይተርፈው ቀርቷል። እግሮቹ አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ሞተሯ ወደ ግራ ዘመመች፣ እሱም አብሯት፤ በመንገዷ አጠገቧ የቆሙትን አሥራ አንድ ሞተሮች አነጠፈቻቸው። ሻጩ ቢጠየቅ ምናልባት ሦስት ይል ይሆናል። ራማይሊ ቤቱ እንደደረሰ ለሴያባታ ደውሎ ወገቤን አሞኛል፣ አንተው ሂድ አለው። ከዚያች ቀን ጀምሮም ረጃጅም ሞተሮችን ሲሰድብ የሚውል ሰው ሆነ።

ሴያባታ ነጯን ሞተር ገዝቶ ሲመጣ፣ ራማይሊ ገና ከሩቅ አይቶ «ይቺማ ፍየል ናት» አለ። ስሙ ጸደቀባት። ያበገነው ደግሞ ሴያባታ ስሙን መውደዱ ነው፤ ራሱም ፍየሏ ይላት ጀመር።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት የፍየሏ ቀጭን ድምፅ ወደ ተራራው ሲወጣ ራማይሊ ሥጋ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ይሰማል። እሑድ ሴያባታ ፀሐይ የላጠው ፊቱን ይዞ ብቅ ይልና ያወራለታል፤ ስለ ወንዙ፣ ስለ ገደሉ፣ በሞተር ከመንደር መንደር እየዞረ የበግ ጠጉር ስለሚገዛ አንድ ቴሴሌ ስለሚባል ሰው። ቴሴሌ እንዲህ አለ፣ ቴሴሌ እንዲያ አደረገ። ራማይሊ እያዳመጠ አጥንት ይከታትፋል፤ ሲበዛ ይከታትፋል። በእነዚያ ዓመታት ከእሱ ሥጋ የገዛ ሰው ሁሉ ስብርባሪ አጥንት ሲተፋ ነው የኖረው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጸሎቱ ሲያበቃ፣ ንታቴ ሞሃፒ ድንኳኑ መሀል ቆመው የቀብሩን ነገር ተናገሩ። ሴያባታ የሚያርፈው አባቱ ገና ልጅ ሳሉ ለቀውት በወጡት መንደር፣ ከተራራው ጀርባ ነው። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ኮረኮንች አለ። የአስከሬኑ መኪና ይወጣዋል፤ እሱና ራማይሊ ያሉበት የሞተረኞች ማኅበር ትልልቅ ሞተሮች ግን አይሞክሩትም።

የማኅበሩ ደንብ ደግሞ የታወቀ ነው። አባል ሲሞት የራሱ ሞተር ከአስከሬኑ ፊት ይሄዳል፤ የሚነዳውንም ሚስቱ ትሰይማለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሴያባታን ጥቁር ሞተር ራማይሊ እንደሚነዳ ያልተቀበለ አልነበረም። አሁን ግን የምትሄደው ፍየሏ ናት። አንገት ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ቴሴሌ ዞረ። ቴሴሌ ሻዩን ይጠጣል።

«እኔ እነዳታለሁ» አለ ራማይሊ ቆሞ።

«ፍየሏን?» አሉ ሽማግሌው።

«ለሴያባታ መንዳት ያስተማረው ማን ሆነና?»

ከዚያም አንዴ የተከፈተ አፍ ስለማይዘጋ፣ በጉርምስናው በፖስተኛ ሞተር የሌሶቶን ተራሮች በበረዶ ውስጥ እንዴት እንዳቋረጠ አወራ። በረዶው መጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር፤ ወሬው ሲያልቅ እስከ ብብት ደርሷል። ያመነው የለም፤ ለቅሶ ስለሆነ ግን ውሸትህን ነው ያለውም የለም። ሞቴና ከፍራሿ ላይ በአጎትየው በኩል መልስ ላከች። የሚነዳት ሰው ነገ ግቢ ውስጥ ነድቶ ያሳይ፤ የባሌ ሞተር ሬሳው ፊት ስትወድቅ ማየት አልፈልግም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ከቤቱ ኋላ በሬ ይገፍፋሉ፣ ሴቶቹ ደጁ ላይ ጥቅል ጎመን ቆልለው ይከትፋሉ። ራማይሊ ፍየሏን ከግድግዳው ጥግ አስጠግቶ፣ ድንጋይ ላይ ቆሞ ወጣባት። ሞተሩን አስነሳ። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረ፤ ቆንጆ ነው። ሁለተኛ ዞረ፤ አሁንም ደህና ነው፣ እንዲያውም አገጩን ቀና አድርጎ ቴሴሌን በግማሽ ዓይኑ አየው። በሦስተኛው ዙር ጎመኑ ጋ ሲደርስ ጠጠሩ ከጎማው ሥር ተንሸራተተ፣ እሱም የአስፋልት ሰው ብቻ የሚያደርገውን አደረገ፤ የፊት ፍሬን ጨምድዶ ያዘ። እጁ ሃያ ሁለት ዓመት የተማረው ያንን ነው። የፊት ጎማው ከሥሩ ሾልኮ ሄደ። ራማይሊ እግሩን ወደ መሬት ላከ፤ መሬቱ ግን ሩቅ ነበር።

ዘጠና ጎመን ተጨፈለቀ።

ከከታፊዎቹ አንዷ፣ የሴያባታ አክስት፣ ቢላዋዋን ይዛ ከላይ ወደ ታች አየችው። «ንታቴ ራማይሊ፣ ቢላዋ እኮ አለን» አለችው።

ከሰኞ ጀምሮ ለቅሶ ብቻ ከሚሰማበት ክፍል መስኮት አንድ ሳቅ አመለጠ፤ ወዲያው በእጅ ታፈነ። ሞቴና ነበረች።

ቴሴሌ ሮጦ መጣ፤ ሞተሯን ትቶ መጀመሪያ ሰውየውን አነሣ። ጎመኑን ከትከሻው እያራገፈለት ዝቅ ባለ ድምፅ «ጠጠር ላይ የፊት ፍሬን አይያዝም፣ ንታቴ» አለው።

«አውቃለሁ።»

«እሳቸውም መጀመሪያ ቀን እንደዚሁ ወድቀዋል።»

«ማን፣ ሴያባታ? አልነገረኝም።»

«ለእርስዎማ እንዴት ይነግራሉ?» ቴሴሌ ሞተሯን አቆማት፤ ፊቱን ሳይመልስ ቀጠለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ስምዎን እየሰማሁ ተንገሽግሼአለሁ። ወንዝ ስንሻገር ራማይሊ ቢኖር እንዲህ ይል ነበር፤ ዳቦ ስንቆርስ ራማይሊ ቢኖር ሥጋ ይዞ ይመጣ ነበር። መንገዱን የማሳያቸው እኔ፣ ከገደል የማወጣቸው እኔ፣ የሚያወሩት ስለ እርስዎ። ከልቤ ነው የምነግርዎ፣ አንድ ቀንማ ወርጄ ጥርስዎን ላረግፍልዎ ቆርጬ ነበር።»

ራማይሊ ከአንገቱ ሥር አንድ የጎመን ቅጠል አውጥቶ ኪሱ ከተተው።

ጥቂት ቆይቶ ንታቴ ሞሃፒ መጥተው ሞቴና ትፈልግሃለች አሉት። ክፍሉ ባዶ ነው፤ ዕቃው ሁሉ ወጥቷል፣ መስታወቱ በአንሶላ ተሸፍኗል። ሞቴና ብርድ ልብሷን ተከናንባ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ሽማግሌው ያመጡትን ሐሳብ ነገረችው። ፍየሏ ማንም ሳይነዳት በጭነት መኪና ተጭና ልትሄድ ትችላለች፤ ያኔ እስከ አስፋልቱ መጨረሻ ፊት የሚመራው ራማይሊ በሟቹ ጥቁር ሞተር ይሆናል፣ ቴሴሌም እንደማንኛውም ለቀስተኛ ከኋላ ይከተላል። ወይም ቴሴሌ ይነዳታል፣ እስከ መቃብሩ።

«አንተ ወስን» አለችው። «ጓደኛው አንተ ነህ።»

አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ትጫን ማለት። ራማይሊ ቃሏን አፉ ውስጥ አድርጎ አጣጣማት፤ እንደ ቅቤ ትቀልጣለች።

ሞቴና ግን ጥያቄ ነበራት። «ለምን አብረኸው አልሄድክም? ቅዳሜ ጠዋት ሁልጊዜ ሞተሯን አስነሥቶ በር ላይ ይቆም ነበር። ራማይሊ ዛሬ ይመጣ ይሆናል ይላል። እኔ ሂድ በቃ፣ ቤንዚኑን ጨረስከው እለዋለሁ።»

ራማይሊ ስለ ወገቡ ሊናገር አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እግሬ አይደርስም።»

«የት?»

«መሬት። እሷ ላይ ስቀመጥ እግሬ መሬት አይደርስም፣ ሞቴና።»

«ይኸው ነው? ሌላ ነገር የለም?»

«ይኸው ነው።»

ሞቴና ብርድ ልብሷን ወደ አገጯ ሳበች። አልሳቀችም።

«እሱ እኮ የተቀየምከው መስሎት ነው የሞተው» አለች።

ራማይሊ ያን ሰፊ ደረቱን ይዞ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ። ሲነሣ «ቴሴሌ ይንዳት» ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት መቶ ሞተር ከአስከሬኑ ኋላ ተሰለፈ፤ አርባ ነበር ያሉት ምቀኞች ናቸው። ፍየሏ ፊት ፊት፣ ቴሴሌ ቀጥ ብሎ ላይዋ ላይ። አስፋልቱ የሚያልቅበት አንድ ሱቅ ጋ ሲደርሱ የማኅበሩ ሰዎች ሞተሮቻቸውን እያጠፉ ከኋላ ወደመጡት ሚኒባሶች ተሻገሩ። ራማይሊ ጥቁር ሞተሩን አቁሞ፣ ሄልሜቱን ሳያወልቅ አጠገቧ ቆመ። ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ፣ በሰው ትከሻ መሀል ተጣብቆ፣ የጓደኛውን አስከሬን የጫነውን መኪና ጀርባ ብቻ እያየ መሄድ አልቻለም። መቅረትም አልቻለም።

ቴሴሌ ፍየሏን አዞረ። የአስከሬኑን መኪና አልፎ፣ ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ መጥቶ ራማይሊ ጎን ቆመ። መቀመጫው ላይ ወደፊት ተጠጋና ኋላ ቦታ ለቀቀ።

ራማይሊ የአስከሬኑን መኪና ሹፌር አየ፣ ሚኒባሶቹን አየ። በየመስኮቱ የማያውቀው ፊት አልነበረም። ከዚያ የቴሴሌን ትከሻ በሁለት እጁ ይዞ፣ አንዴ ተንሸራትቶ፣ ሁለተኛ ሞክሮ ወጣ።

ፍየሏ ከአስከሬኑ ፊት ተመልሳ ገባች። የመጀመሪያዎቹ ድንጋዮች ሲመጡ ራማይሊ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። ጭኑ ላይ አደረጋቸው፤ አልሆነም። ብረቱን ያዘ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ግንባሩን በቴሴሌ ጀርባ ላይ አሳረፈና እጆቹን በሰውየው ወገብ ዙሪያ አሳልፎ፣ ጣቶቹን አቆላለፋቸው።