ከእጀታው በውስጥ በኩል

የጊጊሪ ሰፈር ፈረንጆች ፂማቸውን በኤሌክትሪክ ማሽን ይላጫሉ፤ የድሮ ምላጭ ግን ይሰበስባሉ። የአያቶቻቸውን ዘመን ተጣጣፊ ምላጭ ከየአገሩ ገዝተው፣ እጀታው የተሰነጠቀውን ሳውዝ ሲ ሰፈር ወዳለው የረታ ግቢ በቦዳቦዳ ሞተር ሳይክል ይልካሉ። ጎረቤቶቹ በቋንቋቸው «ፉንዲ» ይሉታል፤ ባለሙያ ማለታቸው ነው። ረታ ብረቱን አይነካም። አሮጌውን እጀታ ያወልቅና ከወይራ ሁለት ስስ እንጨቶች ቀርጾ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ምላጩን መሃል አስገብቶ በነሐስ ሚስማር ያጋጥማቸዋል። ሥራው ትዕግሥት ነው የሚፈልገው፤ ትዕግሥት ደግሞ ስደተኛ ሳይወድ በግዱ ይማራል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ታላቅ ወንድሙ ሐብታሙ መጣ። ሐብታሙ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ምግብ ቤት አለው። በአንድ ከተማ እየኖሩ የሚተያዩት ለቅሶ ቤት ብቻ ነበር። ለአባታቸው ሙት ዓመት ደሴ ደርሶ መመለሱ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«የአባባ ምላጭ ነው» አለ። «ለረታ ስጡት ብለዋል። ስምህን እየጠሩ ነው ያረፉት።»

ረታ መቀመጫ ፈለገ። አባታቸው ደሴ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ረታ ጴንጤ ሆኖ ማተቡን የበጠሰ ዕለት በራቸውን ዘጉበት፤ ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት። ደብዳቤ ጻፈ፣ ሽማግሌ ላከ፣ አንዱም አልሆነለትም። አምና ሲሞቱም ይቅር ብለውት ይሁን ረግመውት የሚነግረው አላገኘም፤ አስታማሚያቸውን ሐብታሙንም ለመጠየቅ አልደፈረም። ይኼ ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ሲያንገበግበው ከርሟል። አሁን ወንድሙ መልሱን አመጣለት፤ ረታም ሳያፍር አለቀሰ።

«እጀታው ተሰንጥቋል፤ አዲስ አድርግለት» አለ ሐብታሙ። «አሮጌውን ግን አደራ እንዳትጥለው። የአባባ የእጅ ሥራ ነው፤ እሱን እኔ አስቀምጠዋለሁ። ላስታምማቸው ደሴ ሳለሁ፣ ሊሞቱ ወር ሲቀራቸው እንኳ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሚስማሩን ሲቀይሩ ቀኑን ሙሉ ዋሉ። ልርዳዎት ብላቸው አላስጠጉኝም።»

ሰኞ ረታ የሚስማሮቹን ራስ በሞረድ ሞርዶ እጀታውን ፈታው። ሁለቱ የዋንዛ እንጨቶች ተለያዩ። ማንም በማያየው በውስጥ በኩል የልጆችን ስም መጫር የባለምላጭ ሁሉ ልማድ ነው። በአንደኛው እንጨት ላይ በአባቱ እጅ ጽሑፍ «ሐብታሙ» ይላል። ሁለተኛው ተፍቋል። ከተፋቀው ሥር የ«ረ» ግማሽ ብቻ ቀርታለች። እንጨቱ በዘመን ብዛት ጠቁሯል፤ የተፋቀው ቦታ ግን ገና ነጭ ነው።

ምላጭ መፍታት ምን ያህል እንደሚያደክም ከረታ በላይ የሚያውቅ የለም። በንዴት ብድግ ብሎ የሚሠራ ሥራ አይደለም። አባቱ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ቀኑን ሙሉ የደከሙት ለሚስማሩ ብለው አልነበረም። ሐብታሙም ዋሽቷል።

የሚገርመው በወንድሙ አልተናደደም። ረስቶኛል ሲለው የኖረው ሐብታሙ አዝኖለት፣ ውሸት ፈጥሮ፣ ምላጭ ይዞ ከደሴ መጣለት። አባት ባይኖረኝ ወንድም አለኝ አለ በልቡ። ሐብታሙ ይህን የተፋቀ ስም ካየ ውሸቱ እንደተነቃበት ያውቃል፤ አፍሮም ይቀራል። አንዱን እንጨት ብቻ ቢያጠፋ የት ሄደ መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ሁለቱንም ከሰል ምድጃው ውስጥ ከተታቸው።

በሳምንቱ ሐብታሙ መጣ። አዲሱን የወይራ እጀታ እያገላበጠ አደነቀ። ከዚያ «አሮጌውስ?» አለ።

«ስፈታው ተሰባበረብኝ። አቃጠልኩት።»

ሐብታሙ ዙሪያውን ቃኘ። መሳቢያው አፉን እንደከፈተ ነው፤ የደንበኞች አሮጌ እጀታዎች በየስማቸው ታስረው ተደርድረውበታል።

«የፈረንጁን ስባሪ ሁሉ አስቀምጠህ የአባትህን አቃጠልክ?»

ረታ መሳቢያውን ገፍቶ ዘጋው። ያየውን ቢናገር ወዲያው ነጻ ይወጣ ነበር፤ ግን ወንድሙን ውሸታም ማድረግ ሆነበት።

ሐብታሙ የመሳቢያውን መዘጋት እንደ ንቀት ቆጠረው። «እንግዲህ ስማኝ» አለ። «አልጠሩህም። ምላጩንም አልሰጡህም። ስሙን በፊቴ አታንሱብኝ እንዳሉ ነው የሞቱት። አዝኜልህ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ለካ እሳቸው ያውቁህ ኖሯል።»

ረታ አውቃለሁ ሊል አፉን ከፈተ። ግን አሁን ማን ያምነዋል? ማስረጃው አመድ ሆኗል፤ ያውም በገዛ እጁ።

ሐብታሙ ምላጩን አጥፎ በጨርቁ ጠቀለለና ኪሱ ከተተው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

«ለልጄ እሰጠዋለሁ» አለ። «እጀታውን ማን ሠራው ብሎ ከጠየቀኝ፣ አንድ ፉንዲ ነው እለዋለሁ።»

ረታም መቀርቀሪያውን ስቦ በሩን ከፈተለት።