የተምች ቫይረስና የአዴ ሀጂራ ጫጩቶች

አዴ ሀጂራ አሰላ ዳርቻ ላይ ዶሮ ያረባሉ። ባለፈው በጋ ፈንግል ገብቶ ጫጩቶቻቸውን ጠራርጎ ወሰደባቸው። ጫጩቶቹ ተከትበው ነበር፤ ክትባቱ ሳይዝላቸው ግን በሽታው ቀደመ። አዴ ሀጂራ የሞቱትን በጆንያ ይዘው ከተማው ውስጥ ወዳለ አንድ የእንስሳት ላቦራቶሪ ሄዱና፣ «ሐኪሞች ከሆናችሁ መላ በሉ!» ብለው ደጃፉ ላይ ዘረገፏቸው።

ደንግጣ የወጣችው ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣችው ዶክተር ተናኘወርቅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቃታት። ክትባቱ እስኪሠራ ድረስ ጫጩቶቹን ምን ያቆያቸዋል?

ብዙ አንብባ፣ ብዙ ጠይቃ፣ አዲስ ጫጩቶች በተፈለፈሉ ጊዜ አንድ ቀን አዴ ሀጂራ ግቢ ደረሰች።

«ለሙከራ ጫጩት ይስጡኝ። ተምችን የሚገድል ቫይረስ አለ፤ እሱን ልሰጣቸው ነው።»

«ያ ረቢ! ተምች የገደለ ነገር ጫጩት ይምራል?»

«ዶሮ ውስጥ መራባት አይችልም፤ አይጎዳትም። ሰውነቷ ግን ባዕድ ገባብኝ ብሎ ወዲያው ይነቃል፤ አብሯት የተፈጠረው መከላከያ ይነሣል። ፈንግል ሲመጣ ተኝታ አያገኛትም።»

አዴ ሀጂራ ካርቶን አምጥተው ጫጩት ሞሉላት። 

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ለፈንግል ሲጋለጡ ቫይረሱን የወሰዱትም ያልወሰዱትም አለቁ። የክፍሉ ኃላፊ ይስሃቅ፣ «በቃ፣ ይቅርብን» አላት። እሷ ግን ምክንያቱን ስታስስ መብራት በጠፋበት ሰሞን ፍሪጁ ሞቆ ቫይረሱ መበላሸቱን ደረሰችበት። እንደገና ጀመረች። ተምቹን የበቆሎ ቅጠል እያበላች አሳደገች፤ በቫይረሱ በከለችው፤ ጠቁሮ ሲሟሟ ፈሳሹን አጣራች። ሽታው ከልብሷ አልለቅ ስላለ አብሯት ምሳ የሚበላ ጓደኛ አጣች።

ለሁለተኛው ሙከራ አዴ ሀጂራ ሌላ ካርቶን ላኩ። ግማሾቹ ጫጩቶች የተምቹን ቫይረስ ወሰዱ። በማግስቱ ሁሉም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለፈንግል ተጋለጡ።

ቀናት አለፉ። ቫይረሱን ያልወሰዱት ክንፋቸውን ጣሉ፤ አንገታቸው ተጠመዘዘ። ከወሰዱት መካከልም ያነጠሱና የሞቱ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ግን መኖው ሲፈስላቸው እየተገፋፉ ተሻሙበት! ተናኘወርቅ የተረፉትን ደጋግማ ቆጠረች።

አዴ ሀጂራ ተጠርተው መጡና በመስታወቱ አዩ።

«እነዚህ የኔዎቹ ናቸው?»

«የእርስዎ ናቸው፤ ድነዋል።»

እልልታቸው ኮሪደሩን አናወጠው። ከየቢሮው ሰው ወጣ።

ይስሃቅም መጥቶ በመስታወቱ አየ። «ክትባትን ግን አይተካም» አለ።

«እንዲተካ አልፈለግሁም። ክትባቱ እስኪደርስ ያቆይልኝ ነው ያልኩት።»

«አቆየልሽ» አለና ፊቱ በፈገግታ በራ። «በሰፊው እንሞክረዋለን። መሪዋ አንቺ ነሽ።»

አዴ ሀጂራ የተናኘወርቅን እጅ ይዘው ወደ ላይ አነሡትና ለተሰበሰበው ሁሉ፣ «ፈንግልን ያሸነፈችው ይህቺ ናት፣ እዩዋት!» አሉ።