ስፌቱን የያዘችው
ልብስ ሰፊው ሆዱን ተቀዶ ቤቱ ሲተኛ፣ ከአባታቸው ቤት ያባረራት ታላቅ እህቱ ልታስታምመው መጣች። ሐኪሙ ስፌቱን በትራስ ደግፎ እየሳለ አክታውን እንዲያወጣ አዞታል፤ እጁ ግን ትራስ የሚጫንበት አቅም የለውም። ሳሉ ሲመጣ ጥርሱን ነክሶ ዋጠው።

«ያዢልኝ በል» አለችው ትራሱን እንዳቀፈች።

«አንቺን ከምለምን ብሞት ይሻለኛል!»

«ሙታ! ማን ከለከለህ?»

«አፌ ላይ ልትጭኚው ነው የመጣሽው።»

«አስቤበት ነበር፤ ትራሱ አሳዘነኝ።»

ሳይወድ ሳቁ አመለጠው። ሳቁ ሳሉን ጎትቶ አመጣው፤ ሆዱ የሚተረተር መሰለው።

«እትዬ!» ብሎ ጮኸ። ካባረራት ወዲህ እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

ትራሱን ስፌቱ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘችለት። አክታው እስኪወጣ ሳለ።

«እትዬ ስላልከኝ የአባታችንን ቤት ክስ የምተው እንዳይመስልህ» አለችው አፉን እየጠረገች። «ቶሎ ዳን። ፍርድ ቤት ቆመህ እንድትሰማኝ ነው የማስታምምህ።»