በፍልሰታ የተላሰ ብሩሽ

ዓይናዲስ ወልደ ገብርኤል ብሩሽ ትልሳለች። የሰቆጣ ሰው አላወቀባትም እንጂ ቢያውቅ ኖሮ ከሌላው ሐሜቷ ጋር ተደርቦ ገበያ ይወጣ ነበር። ምን ታድርግ፣ ሙያው ነው። ከጤፍ ያነሰች ቅርፊት በጣት አትነሳም፤ በወረንጦ ቢይዟት ትደቅቃለች። የብሩሹ ጫፍ በምራቅ ሹል ሲል ብቻ ነው ተለጥፋ የምትነሳው። ውሃ አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ የሙያው መጽሐፍም ውሃ ነው የሚለው። ግን በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ፣ ፕሮፌሰሩም ተማሪውም፣ ብሩሹን ይልሳል፤ ሲጠይቁት ደግሞ ኧረ በጭራሽ ይላል።

የምታጠናው በድንጋይ ውስጥ የቀረ የደቃቅ ባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ነው። ከአበርገሌ ድንጋይ ታመጣለች፣ ትከሰክሳለች፣ ትዘፈዝፋለች፣ በወንፊት ታጥባለች፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍታ ትውላለች። አንድ ጊዜ ለአንድ የአበርገሌ ፍየል ነጋዴ፣ ይህ አገራችሁ እኮ ጥንት ባሕር ነበር ብትለው ሰውየው ዙሪያውን ቃኘት አደረገና «ታዲያ ማን ጠጣው?» አላት።

እንዲህ ዓይነት ቅርፊት የሚያጠኑ ሰዎች ከዓለም ዙሪያ ቢሰበሰቡ አንድ አውቶቡስ አይሞሉም፤ ቢሞሉም አብረው አይሳፈሩም። በእነ ዓይናዲስ ማኅበር ውስጥ፣ የአንዲት ቅርፊት ሁለት ክዳን በሚጋጠምበት ማጠፊያ ላይ ያለው ጉብታ ጥርስ ነው፣ አይደለም ተባብለው ተኳርፈው ያረጁ ሁለት አዛውንት አሉ። በየጉባኤው ምሳ ላይ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት። በአንድ ነገር ብቻ ሁሉም ይስማማል። አዲስ ፍጥረት አገኘሁ የሚል ሰው ስም የሚያወጣለት አካሉን ለሙዚየም ሲያስረክብ ነው። ፎቶ አይበቃም፣ መሐላም አይበቃም። ስም ያለ አካል አይቆምም ይላሉ።

ዓይናዲስ አንድ አግኝታለች። አንድ ብቻ። ጀርባዋ ላይ ሰያፍ ጭረት ያላት፣ ከዚያ በፊት ማንም ያላያት ቅርፊት። ሁለተኛዋን ፍለጋ በዚያ በተረገመ መንገድ አበርገሌ ስትመላለስ ወገቧ ተቆረጠ፤ የለችም። ስሟን ግን አስባ ጨርሳለች። በአባቷ በመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ስም ልትሰይማት ነው።

መሪጌታ ከእሷ በቀር ልጅ የላቸውም፤ እሷም አላገባች፣ አልወለደች። ዜማ ያስተማሯቸው ደቀ መዛሙርት በየደብሩ ስማቸው ሲገንን፣ የእሳቸው ስም ከአጥራቸው አያልፍም። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሳለ አንድ አፈ ሰፊ ዘመድ «ምስኪን መሪጌታ፣ ስም አስጠሪ ሳይተኩ ሊቀሩ!» አለ። ዓይናዲስ ሰማች። እሳቸውም ሰምተዋል፤ ያልሰሙ መስለው መቋሚያቸውን ያሻሹ ጀመር። ያን ጊዜ አንጀቷ ተቃጠለና ቆረጠች። ቅርፊቷ አንዴ ከተሰየመች በየትኛውም አገር ያለ ተመራማሪ፣ ምላሱ እየተሳሰረም ቢሆን፣ ወልደ ገብርኤልን ሲጠራ ይኖራል። ለአባቷ አልነገረቻቸውም። ሙዚየም ትግባና ነው፤ እስከዚያው ምን ይታወቃል።

መሪጌታ በበኩላቸው ከልጃቸው የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ እንድትቆርብ። በፍልሰታ ሕፃን ሳይቀር ሲቆርብ የሳቸው ልጅ ድንጋይ ታጥባለች። ጾሙንስ ለእሳቸው ስትል ትጾማለች። ስለ ቁርባኑ ግን «ልብሽ ሲፈቅድ» ብለው ትተውላታል፤ በየማዕዱ በረጅሙ መተንፈስ መተው ከተባለ።

እንግዲህ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው የማኅበሩ ጸሐፊ ዶክተር ደግሰው ቅርፊቷን ተረክቦ ሙዚየም ሊያስገባ ከአዲስ አበባ መጣ። ደግሰው ከዓይናዲስ ጋር አብሮ የተማረ ሰው ነው። ጠንቃቃ ነው፤ ስንት ሰዓት ነው ቢሉት እንኳ «እንዳስተያየቱ ነው» ሳይል አይመልስም።

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ዓይናዲስ ለብርዱ ነጠላዋን ደርባ፣ ቤት ባለችው የሥራ ክፍሏ ቁጭ ብላ ቅርፊቷን ከሣጥኗ አወጣቻት። ማውጣት አልነበረባትም። እናት እንግዳ ሲመጣ የልጇን ፊት እንደምታብሰው አቧራዋን ልጥረግላት ብላ ነው። ብሩሹን ላሰች፤ ቅርፊቷን ዳበስ አደረገቻት፤ በባዶ ሆዷ አእምሮዋ ወደ ሽሮው ሄደባትና ብሩሹን ደግማ ላሰች። በማይክሮስኮፑ ብታይ ቅርፊቷ የለችም።

አፏን ግጥም አደረገች።

ምላሷ ጫፍ ላይ የምትቆረቁር ነገር አለች። ምራቋን መዋጥ አቆመች፣ መተንፈስም ሊቀርባት ምንም አልቀረው። የመስታወት ሳህን ለማንሳት እጇን ስትዘረጋ በሩ ተከፈተ። አባቷ ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ መመለሳቸው ነው፤ ደጃፍ ያገኙትን ደግሰውንም ይዘውት ገቡ። ዓይናዲስ ደንግጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች።

«ዓይናዲስ! እንዴት ነሽ?» አለ ደግሰው።

ራሷን ነቀነቀች።

«ደኅና ከረማችሁ? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? ሥራ እንዴት ነው?»

ነቀነቀች፣ ነቀነቀች፣ ነቀነቀች።

«ምነው፣ ተጣላን እንዴ?»

ወደ አፏ ጠቆመችው። ከእሱ ቀድመው የገባቸው መሪጌታ ናቸው፤ ገባቸው ከተባለ። ነጭ ነጠላ፣ የተሸፈነ አፍ፣ ቅዳሴ የወጣበት ሰዓት። የቆረበ ሰው እንዲህ ነው የሚውል፤ ወሬ አያበዛም፣ ምራቁን አይተፋም።

«ተዋት አንተ!» አሉ። «ቆርባለች እኮ!»

ዓይናዲስ ዓይኗ ፈጠጠ።

«እኔ ሳላያት ሌላ ደብር ሄዳ! ከአባትሽ ተደብቀሽ? አይ ዓይናዲስ፣ አንቺ እኮ ከልጅነትሽም ድብቅ ነሽ» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ።

ደግሰው ባዶውን ሣጥን አየ። ብሩሹን አየ። የዓይናዲስን ፊት አየ። የሙያው ሰው አይደል፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ከመሪጌታ ጀርባ ዞሮ የመስታወት ሳህኗን አስጨበጣትና በቅንድቡ የጓዳውን በር አመለከታት። ሂጂ፣ ትፊ። መላው ይኸው ነበር። ቅርፊቷ ትተርፋለች፣ አባቷም ከነደስታቸው ይኖራሉ። መዋሸት እንኳን የለባትም፤ ዝም ብሎ መሄድ ነው። ሳህኗን ይዛ ብድግ አለች።

«ምነው እማዋይሽ ይህን አይታ በሞተች!» አሉ መሪጌታ። ሟች ሚስታቸውን ነው። ጥምጣማቸውን አወለቁ፤ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ከዚያ የልጃቸውን ጉልበት ሊስሙ አጎነበሱ።

ልጅ ነው የአባቱን ጉልበት የሚስም። አባት የልጁን ሲስም በዋግ አልታየም፣ እንዲታይም የፈለገ የለም። ያ ሽበት የወረሰው ራስ ወደ እሷ ዝቅ ሲል ዓይናዲስ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሮጣ ጓዳ ገብታ፣ ተፍታ ተመልሳ፣ ከዚያ እውነቱን መናገር ትችል ነበር። ብልህ ሰው እንዲያ ያደርጋል። እሷ ግን ያለ የሌለ ብልሃቷን ትምህርት ላይ ጨርሳዋለች።

«ኧረ ይተዉ አባዬ! አልቆረብሁም!»

አለችና ዋጠች።

ደግሰው «ወይኔ!» ብሎ ያገኘው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። መሪጌታ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ታዲያ ምን ይዘሽ ነው አፍሽን የዘጋሽ?»

«ስምዎን» አለች።

ከዚያ እየተንተባተበች ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቅርፊቷን፣ ስያሜዋን፣ ያንን የለቅሶ ቤት ወሬ፣ ብሩሹን። መሪጌታ ሳያቋርጡ ሰሙ።

«አሁን የት አለች?»

«ዋጥኋት።»

ያወለቁትን ጥምጣም በእጃቸው ጠቅለል አደረጉ። «ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ። እኔም ደስ ሊለኝ ነበር።»

አለቀሰች። እሳቸውም በጥምጣማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ስለ ቁርባኑ ይሁን ስለ ስማቸው አልተናገሩም። ከዚያ ወደ ደግሰው ዞሩ።

«ይች የዋጠቻት ነገር፣ እንስሳ ናት ድንጋይ?»

ደግሰው «እንዳስተያየ...» ብሎ ጀመረ። ዓይናዲስን አያት፤ ተወው። «ድንጋይ ናት፣ መሪጌታ።»

«ድንጋይ ከሆነች ጾም አትሽርም» ብለው ፈረዱ። ጥምጣማቸውን መልሰው መጠምጠም ጀመሩ። «የስሜ ነገርስ እንግዲህ ቀረ?»

«በማኅበራችን ደንብ፣ አካሉ ከሌለ...» አለ ደግሰው አንገቱን ደፍቶ።

«አካሉማ ይኸው» አሉ መሪጌታ፣ በአገጫቸው ልጃቸውን እያመለከቱ። «ቆሞ ያለቅሳል።»

ዓይናዲስ ይብሱን ተንሰቀሰቀች።

«በይ በቃሽ፣ ማዕዱን አቅርቢ» አሏት። «አንቺስ ቀምሰሻል፤ እኔና እንግዳው ገና ነን።»