የቻይናዋ ልጅ

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ልጅቷን ሜዳ ላይ ትቶብን መሄድ አልነበረበትም» አለች ራዲያ፣ የንፍሮውን ሰሃን ገፋ አድርጋ።

ማርያማዊት ቀና አለች። አባቷ ጋሽ ፍስሐ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ከሰዓት በኋላ እድሩ ድንኳኑን ያነሳል።

«የቷን ልጅ?»

«የቻይናዋን ነዋ። የመጽሐፉን።»

ጋሽ ፍስሐ ሶማሌ ተራ ጥግ ላይ አሮጌ መጽሐፍ ይሸጥ ነበር። መሸጡ እንኳ ለስሙ ነው፤ ገዢ ሲመጣበት የሚከፋው ነጋዴ መርካቶ ውስጥ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ከጎኑ ብርድ ልብስ የሚሸጡት ራዲያና እትዬ መሊካ ወንበራቸውን ያስጠጋሉ፤ እሱም ስለ ቻይና ገጠር የተጻፈ አንድ የእንግሊዝኛ ልቦለድ እያየ በአማርኛ ይተርክላቸዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ አላለቀም።

«ረሃብ ነው» አሉ እትዬ መሊካ። «ወንድምየው አሥራ አራት ዓመቱ፣ እሷ ስድስት። መንገድ ላይ መራመድ አቃታት። ‹ዓይንሽን ጨፍነሽ እስከ መቶ ቁጠሪ፣ ውሃ ይዤ እመጣለሁ› አላትና ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንድ ቀን እያነበበ ሳለ ጆሮውን ወደ መንገዱ ሰጠ። ‹አሁንም እየቆጠረች ነው› አለን። በዚያ ሁሉ የጋሪ ጫጫታ መሀል የሕፃን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፣ ልጄ።»

ራዲያ ክንዷን አሻሸች። «እኔም ሰምቻለሁ። ሰባ ምናምን ላይ ደርሳ ነበር።»

ማርያማዊት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ መጽሐፉን ከአባቷ ራስጌ አግኝታ በሁለት ቀን ጨርሳዋለች። ስለ ደረቀ የውሃ ጉድጓድ የሚጨቃጨቁ አንድ ሽማግሌ ገበሬና ሁለት ጎልማሳ ልጆቹ አሉበት። ሕፃን የሚባል የለበትም።

አንድ ቀን ትዝ አላት፤ እሷም ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ድብብቆሽ ስትጫወት ግድግዳ ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና መቁጠር ጀመረች። አባቷ ከቤት ሮጦ ወጣና አፏን በመዳፉ አፈናት። «ዓይንሽን ግለጪ፣ እዚህ ነኝ» አላት። በጓደኞቿ ፊት ስላሳፈራት ለብዙ ጊዜ ጠልታው ነበር።

ወደ እናቷ ወደ እቴቴ ጠጋ አለች። «እማዬ፣ አባዬ እህት ነበረችው?»

እቴቴ መጀመሪያ በሩን አየች። «በስልሳ አምስቱ ድርቅ ከወሎ ብቻዬን መጣሁ ነው ያለኝ። ለሠርጋችን ከዘመድ ማን ይጠራ ብዬ ስጠይቀው፣ ‹የቀረችው ቀርታለች› አለ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።»

ድንኳኑ ሊነሳ ነው፤ የአባቷ ሥጋ፣ እህቱ፣ ግን መርዶ አልደረሳትም። ደግሞስ የት ተብሎ ይላካል? በሕይወት ትኑር አትኑር የሚያውቅ የለም። ማርያማዊት አባቷን ይቅር ልትለው ፈለገች፤ ይቅር የማለቱ መብት ግን የእሷ አልነበረም።

«አንቺ አንብበሽዋል» አለች ራዲያ። «መጨረሻውን ንገሪን። ወንድሟ መጣላት?»

ማርያማዊት ለመዋሸት አሰበች። ሁለቱም አፍ አፏን ያያሉ።

«አልመጣላትም» አለች።

እትዬ መሊካ ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ራዲያ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

የእድሩ ሰዎች ከውጭ ገመድ መፍታት ጀምረዋል። ማርያማዊት በቤተዘመዱ ፍራሽ ላይ ፈቀቅ ብላ በጎኗ የአንድ ሰው ቦታ ለቀቀች። ዘግይቶ የደረሰው ጎረቤታቸው ጋሽ አለሙ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ሊቀመጥበት ጎንበስ ሲል፣ መዳፏን ፍራሹ ላይ አኖረች።

«ይቅርታ ጋሼ» አለችው። «ሰው አለው።»