ከዓሣው የወሰድነው ውሃ

ሱሀይላ ከጀሪካን የቀዳችውን የቧንቧ ውሃ መስታወቱን እያስታከከች ወደ ዓሣው ገንዳ ታወርዳለች። በቀጭኑ ካልፈሰሰ ዓሣው ይደነግጣል። ወንድሟ ኻሊድም እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ውሃው ጨው ጠርዙ ላይ የሠራውን ነጭ ቅርፊት እስኪነካ ጠበቀችና ጆጉን ቀና አደረገች።

ገንዳው በየቀኑ ይጎድላል። ጠዋት የሞላችው ማታ ጣት ያህል ወርዶ ይገኛል። ኻሊድ በሕይወት ሳለ ይህ ነገር አስገርሟት አያውቅም ነበር። ከሞተ ወዲህ ግን አንድ ሰው ቤት ውስጥ እየተመላለሰ የሚጠጣው ይመስላታል።

ከዓሦቹ የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ ብርቱካናማው፣ ነጭ መቀነት የታጠቀው። እሱም ከሰሞኑ የሰጡትን ይተፋል። ቀኑን ሙሉ ድንጋዩ ሥር ተወሽቆ ይውልና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወጥቶ ወደ ግራው ጥግ ይሄዳል። ኻሊድ ቦሌ የሆቴሎችን የዓሣ ገንዳ ሲያጸዳ ውሎ ወደ ጎሮ ሲመለስ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ የሚቆመው እዚያ ጥግ ፊት ነበር። ዓሣው አፉን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ክንፉን ብቻ እያርገበገበ፣ ማንም የሌለበትን ቦታ ያያል።

የዚያን ዕለት ከሰዓት የኻሊድ የሥራ ጓደኛ ቢሩክ ሊጠይቃቸው መጣ። እናትየውን ወይዘሮ ፈዲላን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለና ዓይኑ ገንዳው ላይ ቀረ።

«ሱሂ፣ ይሄ ገንዳ ነው ወይስ የጎመን ማሳ?»

«መስታወቱን ሳልወለውለው ቆይቼ ነው።»

«በመወልወል የሚለቅ አይደለም።» ከቦርሳው ቀለም የሚቀይር ቀጭን ወረቀት አውጥቶ ውሃው ውስጥ ነከረ፤ ወረቀቱን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። «ምንድነው የምትጨምሪበት?»

«ውሃ።»

«ውሃ መሆኑንማ አየሁ። የምን ውሃ?»

«የቧንቧ። ክሎሪኑ እንዲወጣለት አሳድሬ ነው ግን።»

«እሺ ክሎሪኑ ወጣ። ሌላውስ? እኛ ሻይ እናፈላበታለን፣ ምንም አንሆንም። እዚህ ግን የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። አብሮት የገባው የትም አይሄድም። ዛሬ የጨመርሽውም አለ፣ ያለፈው ወሩም አለ። ሁሉም እዚሁ ነው።»

ሱሀይላ ሳታስበው ከገንዳው ራቅ አለች።

«ኻሊድ እኮ እጁን በቧንቧ ታጥቦ ሳያደርቅ ገንዳ አይነካም ነበር። እኔን ‹አንተ የቧንቧ ልጅ› እያለ ነበር የሚሰድበኝ። አሁን ሙራድ ሱቅ በር ላይ የተጣራ ውሃ ተደርድሮ እያለ ምን ቸገረሽ?»

ሱሀይላ ጆጉን አንሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች።

«ተዋት ልጄ፣ ውሃ ያው ውሃ ነው» አሉ ፈዲላ ሙስበሃቸውን ፍሬ በፍሬ እየቆጠሩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ማዘር፣ ለዚህ ፍጥረት አይደለም። ሲሶውን ቀድታችሁ ድፉት። የተጣራ ውሃ ውስጥ የባሕር ጨዉን በጥብጣችሁ፣ አሳድራችሁ ተኩበት። ከዚያ ወዲያ በጎደለ ቁጥር የተጣራ ብቻ። እሱ ካልሆነ ወደ ዓሣ ሱቃችን ልውሰደው። እዚህ በዚህ አያያዝ ሳምንት አይቆይም።»

«አይወሰድም!» አሉ ፈዲላ። ድምፃቸው እሳቸውንም አስደነገጣቸው። «ከዚህ ቤት የወጣው ይበቃል።»

ቢሩክ የቀረበለትን ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

የሙራድ ሱቅ ከበራቸው ማዶ ነው። ሰማያዊዎቹ ባለ ሃያ ሊትር ጃሮች ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ይደረደራሉ። ሱሀይላ ከቤት ስትወጣ እነሱን ላለማየት የምታዞረው መንገድ አላት።

ኻሊድ ለሱብሂ ሰላት ያልተነሣ ዕለት ጎሮ ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። ሮቶው ሲመቱት ባዶ ድምፅ ሰጠ፤ የጎረቤቶቹም እንዲሁ። ቦቴ ተጠርቶ መንገድ ላይ ነው ተባለ። ቀብሩ ከዙህር በኋላ ነው፤ ጊዜ የለም። አጎታቸው ኢሳ እጅጌውን እንደ ሰበሰበ አስከሬኑ ከሚታጠብበት መጋረጃ ብቅ ብሎ «ውሃ!» አለ። ሱሀይላ ማንንም ሳትጠይቅ ኻሊድ ለዓሦቹ ብሎ ከገንዳው ሥር ያስቀመጣቸውን ጃሮች ጎትታ አቀበለችው። መጋረጃው ተዘጋ። ከዚያ ሲፈስ ሰማችው፤ በቀጭኑ፣ ቆም እያለ፣ እንደገና እየጀመረ። ኢሳ ባዶዎቹን ጃሮች ለሙራድ መለሰ። ስለ ውሃው ዳግም ያነሣ ሰው አልነበረም።

ቢሩክ ከወጣ በኋላ ፈዲላ ልጃቸውን ጠሯት።

«ሱሀይላ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጁ የሚለውን ታውቂያለሽ። ኻሊድ ያደርግ የነበረውን ለምን አታደርጊም?»

«እማ…» አለችና ቆመች። «በእሱ ውሃ ነው የታጠበው።»

«ማን?»

«ኻሊድ። በዓሦቹ ውሃ። እኔ ነኝ ያቀበልኩት።»

ሙስበሃው ጣታቸው ላይ ቆመ። «ቦቴው ደርሶ መስሎኝ።»

«ቦቴው የመጣው ወንዶቹ ከቀብር ከተመለሱ በኋላ ነው።»

ፈዲላ ሙስበሃውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ ወደ ግራው ጥግ ዞሩ። «ኢሳ መቃብሩ ላይ ቆሞ ‹ኻሊድ ላይ ሐቅ ያለው ሰው ወደ እኛ ይምጣ› ብሎ ነበር። የመጣ የለም። ልጄ የማንም ዕዳ ሳይኖርበት ሄደ ብዬ አላህን አመስግኜ ነበር። ታዲያ ለምን ይቆማል እላለሁ እኮ።»

«ማነው የሚቆመው?»

«ወንድምሽ። ለመግሪብ ሲቃረብ። እዚያ ጋ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። እንዳትፈሪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ሱሀይላ ወደ ጥጉ ላለማየት ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተከለች።

«መልካም አድርገሻል፤ እኔም ብሆን እሰጥ ነበር» አሉ ፈዲላ ሻሻቸውን እያጠበቁ። «ግን ለዓሣው መመለስ ነበረብን። አፍ የሌለው ፍጥረት እንዴት ብሎ መጥቶ ይጠይቅ?»

«እኔ አልችልም እማ። የጃሩ ውሃ ሲፈስ ድምፁን መስማት አልችልም።»

«እኔ አፈሳለሁ። አንቺ ማድ ቤት ግቢ።»

መንገዱን ራሳቸው ተሻገሩ። ሙራድ ጃሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ተከትሏቸው መጣ። ኻሊድ ትቶት ከሄደው ጨው ሰፍረው በጠበጡና አሳደሩት።

በማግስቱ ቢሩክ እንዳለው ከገንዳው ሲሶውን ቀድተው ደፉ። ዓሣው ድንጋዩ ሥር ገብቶ አልታይ አለ። አዲሱን ውሃ መጨመር ብቻ ሲቀር ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ደርሳ ነበር። ፈዲላ ጆጉን ሞልተው አነሡና ባለበት ያዙት።

«ከመለስንለት ይሄዳል አይደል?» አሉ።

ሱሀይላ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። «አላውቅም እማ።»

«በየቀኑ ነበር እኮ የማየው። ጀርባውን ብቻ ቢሆንም።»

ጆጉን አዘነበሉት። ውሃው በአንድ ጊዜ ተገለበጠና አሸዋው ከሥር ተነሣ፤ ዓሣው ከድንጋዩ ተፈናጥሮ መስታወቱን መታ። ሱሀይላ ከማድ ቤቱ በር ሮጣ ጆጉን ከእናቷ እጅ ወሰደች። እንደገና ቀዳች። መስታወቱን አስታክካ፣ በቀጭኑ፣ ቀስ ብላ ማፍሰስ ጀመረች።

ያው ድምፅ ነበር። ከመጋረጃው በስተጀርባ የሰማችው ራሱ፤ ቆም ሲልም ሲቀጥልም ያው። የገንዳውን ጠርዝ በሌላ እጇ ይዛ ማፍሰሷን ቀጠለች። አንዱ ጆግ ሲያልቅ ሌላ ቀዳች።

የመግሪብ አዛን ተሰማ። ዓሣው ወደ ግራው ጥግ አልሄደም። እየተወላገደ ወደ ላይ ወጥቶ አዲሱ ውሃ ከሚወርድበት ሥር ቆመና አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ።

ፈዲላ ጥጉን ያያሉ። አዛኑ እስኪያልቅ ዓይናቸውን አላነሡም።

«የለም» አሉ በመጨረሻ። የተገላገለ ሰው ድምፅ አልነበረም። እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠርገው ለሰላት ሊዘጋጁ ወጡ።

ሱሀይላ የቀረውን አፍስሳ ጨረሰች። የጨዉ ባልዲ ክፍት ነበር፤ ጠርዙ ላይ የተበተነውን በእጇ ጠርጋ ወደ ውስጥ መለሰችና ክዳኑን ዙሪያውን እየተጫነች ገጠመችው። ከዚያ በእግሯ ገፍታ ከገንዳው ሥር አስገባችው።